ኤርጎጌና የሱቋ ቁልፍ

ኤርጎጌን መጀመሪያ ያየኋት ዳቦ ስትወረውር ነው።

እዚህ ጆሃንስበርግ ለሮዘተንቪሏ ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቀጠሮ እያዞርሁ እነግር ነበርና፣ አንድ ቀን ካትሌሆንግ ወዳለው ሱቋ ሄድሁ። ስደርስ ከብረቱ ፍርግርግ ውጪ የቆመች አንዲት ደልዳላ ሴት ግማሽ ዳቦ ወደ ውስጥ ትወረውራለች። ኤርጎጌም ያንኑ ዳቦ አንሥታ በዚያው በመሸጫው ቀዳዳ ወደ ውጪ ትመልሰዋለች። ዳቦው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

«የትናንት ዳቦ ነው የሸጥሽልኝ!» ትላለች ያቺ በዙሉ።

«የዛሬ ነው! የትናንትስ አፍንጫሽ ነው!» ትላለች ይቺም በዙሉ።

የተሰለፈው ሰው ዳቦው በሄደበት ሁሉ ዓይኑን እያስከተለ ይስቃል። እኔ ግን ፈራሁ። ሎኬሽን ውስጥ፣ ማለትም የአገሬው ሰው በብዛት በሚኖርበት ሰፈር፣ ከደንበኛ ጋር አትጣላ የሚለው ምክር ለአዲስ መጪ ሁሉ ከውኃ ቀድሞ የሚሰጥ ነውና። ኤርጎጌ ያን ምክር ወይ አልሰማችም፣ ወይ ሰምታ ንቃዋለች።

ያቺ ደልዳላ ሴት ዲኬሌዲ ትባላለች። በማግሥቱ ተመልሳ መጣችና «ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ደንበኞቻችን ሐበሻ ባለሱቅን ሁሉ «ማይፍሬንድ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ስም የሚጠይቅ የለም። ኤርጎጌ በዚያ ፍርግርግ ኋላ አራት ዓመት ስትቆም ስሟን የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው የተጣላቻት ሴት ሆነች። ዲኬሌዲ ስሙን አራት ጊዜ ሞክራ ምላሷ እንቢ ቢላት፣ «በቃ፣ ኤጎ እልሻለሁ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሁሉ ኤጎ ይላታል።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው።

ኤርጎጌ የዱራሜ አገር ልጅ ነች። አባቷ ወንጌላዊ ነበሩ። ሰባት ዓመቷ ሳለ ቤተ ክርስቲያን አባቷን ወደ ኦሞ ቆላ ላከች፤ እሳቸው በጉባኤው ፊት ሲንበረከኩ፣ ሽማግሌዎች ዙሪያቸውን ከበው እጃቸውን ሲጭኑባቸው በመስኮት አይታለች። «የአባቴ ራስ ከእጅ ብዛት አይታይም ነበር» ትላለች። በዚያው ቀን ማታ «እኔስ መቼ ነው የምላከው?» ብላ እናቷን ጠየቀች። እናቷም ሳቁና፣ «ሴት ልጅ አትላክም፤ ባሏን ተከትላ ትሄዳለች» አሏት።

እንደተባለውም ባሏን ደጉን ተከትላ ሄደች። የሄደችው ግን ወደ ጆሃንስበርግ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ እጅ የሚጭን ሽማግሌ አልነበረም። ደጉ ከአምስት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ሞተ። ዘመዶቹ «ሱቁን ሽጪና አገርሽ ግቢ» አሏት። እሷም «ልጄ ፅናት ነርስነት ተምራ እስክትጨርስ ከዚህ ብረት ኋላ የሚያነሣኝ የለም» አለች፤ አልተነሣችምም።

ከሁለት ዓመት በፊት ከማዳጋስካር አንድ ፓስተር በእንግድነት መጣ። በአስተርጓሚ ሲናገር እንዲህ አለን፦ «በባሕሩ ዳር ባለችው ከተማችን ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። ቃሉን የሚያካፍል ሰው ላኩልን። ከአንዲት ጠረጴዛ ተነሥቶ ሱቅ እንዴት እንደሚቆምም የሚያሳያቸው ላኩልን።» ያን ጊዜ ጉባኤው ሁሉ ሳይነጋገር ወደ አንድ ወንበር ዞረ። ኤርጎጌ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ቀላች።

ጉዞው ለሦስት ሳምንት፣ ተጓዦቹም ሰባት እንዲሆኑ ተወሰነ። ከውሳኔው እስከ መነሻው ያለው መንገድ ግን ባሕሩን ከማቋረጥ ረዘመ። አንዱ የመኖሪያ ፈቃዱ አልታደስ ብሎት ወደቀ፤ ሌላው በእሱ ቦታ ገባ። አንድ ጊዜ ማዕበል ነው ተብሎ ቀኑ ተገፋ፤ ሌላ ጊዜ እኛው ራሳችን ሳንዘጋጅ ገፋነው። ኤርጎጌ ለስደተኛ የሚሰጠውን የጉዞ ሰነድ ለማግኘት አሥራ አንድ ጊዜ ፕሪቶሪያ ሄዳ ተሰልፋለች። በአሥራ ሁለተኛው ስታገኘው፣ ሰነዱን በላስቲክ ጠቅልላ እሑድ ለሁላችንም እያዞረች አሳየችን። «ንኩት፣ እውነት ነው» ትል ነበር።

እንግዲህ ሁሉ ነገር ተሟልቶ፣ መነሻው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የፈነዳው። የሚሲዮን ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ማናሴ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ጄፒ በሚባለው የሐበሻ ገበያ የጅምላ መደብር ያላቸው፣ ለቤተ ክርስቲያኗ እንደ ምሰሶ የሚቆጠሩ ሰው። በስብሰባው ላይ ተጓዦቹን አንድ በአንድ «ሱቅህን ማን ይይዛል?» እያሉ ጠየቁ። አንዱ ወንድሜ አለ፣ አንዱ ያገሬ ልጅ አለ። የኤርጎጌ ተራ ደረሰ።

«ዲኬሌዲ ትይዛለች» አለች።

«ዲኬሌዲ ማናት?»

«ጎረቤቴ ነች።»

«ያገሬው ሰው?»

«ያገሬው ሰው።»

በእኛ በባለሱቆቹ ዘንድ በየትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሕግ አለ፦ የሱቅ ቁልፍ ለአገሬው ሰው አይሰጥም። ጋሽ ማናሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «እህት ኤርጎጌ፣ አብዩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የእኔው ዘመድ ነው፤ ይያዝልሽ» አሏት።

«ጋሽ ማናሴ፣ ለዘመድ አደራ ሰጥቶ ሲመለስ የገዛ ሱቁን በር ያንኳኳ ሰው በመካከላችን የለም? እጅ አውጡ ልበል?»

ማንም እጁን አላወጣም፤ ሁለት ሰዎች ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«ነገሩ የአንቺ ብቻ አይደለም» አሉ ጋሽ ማናሴ። «ዛሬ አንቺ ቁልፍ ከሰጠሽ ነገ ሎኬሽኑ ሁሉ ከእያንዳንዳችን ቁልፍ ይጠይቃል። አንድ ነገር ቢፈጠር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ልካት ነው ይባላል። ሐሳብሽን ካልለወጥሽ ከስም ዝርዝሩ ትወጫለሽ።»

«ሐሳቤ ስንት ዓመት የቆየ ነው፤ በሦስት ሳምንት አይለወጥም» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

በእኛ ልማድ ሰው ሲያስቸግር ሽማግሌ ይላክበታል። መነሻው ሊደርስ ሲል፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ጋሽ ማናሴና ሌላው ሽማግሌ አቶ ለገሠ ተነሡ፤ እኔም ሦስተኛ ሆኜ ተከተልሁ። ሽማግሌ ሲሄድ ወንበር ይቀርብለታል፣ ራቅ ብሎም ይቀመጣል። ኤርጎጌ ግን የኋላውን በር አልከፈተችልንም።

«ምን ነው ኤርጎጌ፣ እኛ እኮ ነን!» አሉ አቶ ለገሠ።

«አይቻችኋለሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ግን በሥራ ሰዓት በር ለማንም አይከፈትም፤ ብትሞቺም አትክፈቺ ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁ? በፊት ለፊት ኑ።»

ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለቱ ከረባት ያሰሩ፣ ፀሐይ ላይ ከዳቦና ከነጭ ጋዝ ፈላጊው ጋር ተሰለፍን። ከፍርግርጉ ኋላ ሽርጥ ታጥቃ የምታስተናግደው ዲኬሌዲ ነበረች፤ ኤርጎጌ አጠገቧ ቆማ ታያታለች። ቀስ በቀስ ፊት ደረስን።

«ኔክስት!» አለች ዲኬሌዲ ጋሽ ማናሴን።

«እኔ ልገዛ አልመጣሁም።»

«ባባ፣ ካልገዛህ ፈቀቅ በል፤ ከኋላህ ጎጎ ቆማለች።»

በእርግጥም ከኋላችን አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ጋሽ ማናሴ ፈቀቅ አሉ፤ አሮጊቷ ስኳር ገዙ፤ ግን አልሄዱም። ወሬ እንዳለ ገብቷቸው ቆሙ።

ጋሽ ማናሴ በአማርኛ ጀመሩ። «እህት ኤርጎጌ፣ በቤተ ክርስቲያን ስም ነው የመጣነው።»

ኤርጎጌ ወዲያው ዞር ብላ ቃሉን ወደ ዙሉ መለሰችው። ዲኬሌዲ ሰማች፤ ሰልፉም ሰማ።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«አስተረጉማለሁ። ነገሩ ስለ እሷ ነው፤ እሷ በሌለችበት አይነገርም።»

«ነውር ነው!»

እሱንም አስተረጎመችው። አሮጊቷ «ሃይ ቦ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። አቶ ለገሠ ሳቃቸውን ሊደብቁ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ጋሽ ማናሴ ግን ሳይስቁ ቀጠሉ። «እሺ፣ አስተርጉሚው። ከዚህ በፊት ሱቅሽ ሲዘረፍ ፍሪጅሽን ተሸክሞ የወጣው የዚህች ሴት የእህት ልጅ አይደለም?»

ኤርጎጌ አንዲት ቃል ሳታጎድል አስተረጎመች። ዲኬሌዲ ሳሙና እየቆረጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እሱ ነው» አለች። «ፍሪጁንም ብቻውን ተሸክሞ እንዲመልስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወገቡን እስካሁን ያመዋል፤ ዝናብ ሲመጣ የሚነግረን እሱ ነው።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ኤርጎጌ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ወደ ፍርግርጉ አስጠጋች።

«የዘረፈኝን ሰው ስሙን አውቃለሁ ጋሽ ማናሴ። እናቱንም አውቃለሁ። የሰበረውን በር መልሶ ያቆመልኝ እሱ ነው። እናንተ ይህን ያህል ዓመት ስትሸጡ የዘረፏችሁን ሰዎች ስም ታውቃላችሁ? የአንዱን እንኳ?»

ጋሽ ማናሴ ፍርግርጉን በአንድ እጃቸው ያዙ። «የወንድሜን ገዳይ ስም አላውቅም» አሉ።

ወንድማቸው ኮዝሞ ሲቲ በሚባለው ሰፈር በሱቁ ውስጥ ነው የተገደለው። ሁላችንም ቀብሩ ላይ ነበርን። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን በአፋቸው ሲያነሡት ሰምተን አናውቅም ነበር። ዲኬሌዲ «ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ያን ቃል ኤርጎጌ አላስተረጎመችውም።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለች። «አፌ ቀደመኝ። ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። ግን ቁልፉን እሰጣታለሁ።»

«እንግዲያው እሑድ ስምሽ አይነበብም።»

«እናንተ አታንብቡ። እኔ እመጣለሁ።»

ለመመለስ ስንነሣ አቶ ለገሠ «ይህን ሁሉ ሰዓት ተሰልፌማ ባዶ እጄን አልሄድም» ብለው አንድ ሙሉ ዳቦ ገዙ።

እሑድ ደረሰ። ተጓዦች እጅ ተጭኖባቸው የሚላኩበት እሑድ ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፓስተር ጌዴዎን ስም አነበበ። ፓስተራችን ወጣት ነው፤ ሽማግሌዎችን ያከብራል፣ ትንሽም ይፈራቸዋል። ስድስት ስሞች አነበበና ወረቀቱን አጠፈው። ስድስቱ ወጥተው ተንበረከኩ።

ኤርጎጌ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች። ጫማዋን አውልቃ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠች፤ በሕዝቡ መካከል አለፈችና ከስድስተኛው ሰው ጎን ተንበረከከች።

ጋሽ ማናሴ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «እህት ኤርጎጌ፣ ስምሽ አልተጠራም» አሏት።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ተነሺ።»

«የተንበረከክሁት ለእርስዎ አይደለምና አያስነሡኝ።»

ሽማግሌዎቹ ከመጀመሪያው ጀምረው እጃቸውን ጫኑ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጸሎት ሆነ፣ ቡራኬ ሆነ፣ መዝሙር ሆነ። ስድስቱ ተነሥተው ተቃቀፉ። ሰባተኛዋ እንዳለች አለች።

አዳራሹ የኪራይ ነው። እስከ ሰባት ሰዓት የእኛ ነው፤ ከሰባት በኋላ የኮንጎ ሰዎች ጉባኤ ይገባበታል። ስለዚህ ሕዝቡ እያጉረመረመ ወጣ፤ እኛ ጥቂቶቹ ወንበር ማስተካከል ጀመርን። በኤርጎጌ ዙሪያ እየዞርን ወንበር አነሣን፤ እሷ ግን ጭንቅላቷን አላነሣችም። የእህቶች ኅብረት መሪዋ መሰረት መጥታ ጎንበስ ብላ፣ «ኤርጎጌዬ፣ ጉልበትሽ ያልቃል፤ በሌላ ቀን እንነጋገራለን» አለቻት።

«ይለቅ» አለች። «እጅ ሳይጫንብኝ ወደ ቤቴ አልሄድም። እዚሁ አሳድሩኝ።»

ኮንጎዎቹ ከበሮና ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው መግባት ጀመሩ። ፓስተራቸው ቢጫ ከረባት ያሰረ ዘለግ ያለ ሰው ነው። በባዶው አዳራሽ መካከል አንዲት ሴት ባዶ እግሯን ተንበርክካ አየ። ማን ነሽ ብሎ አልጠየቀም፣ ከየት ነሽም አላለም። መጽሐፉን ለአጠገቡ ሰው ሰጠና ሁለት እጆቹን ራሷ ላይ አድርጎ በፈረንሳይኛ ጸሎቱን ለቀቀው። ሰዎቹም ከበሮውን መሬት አኑረው ከበቧት። ከቁመታቸው የተነሣ ኤርጎጌ ጭራሽ አትታይም ነበር።

መሰረት ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ግቢው ሮጠች። ጋሽ ማናሴ መኪናቸው አጠገብ ቆመው ነበር።

«ጋሼ! ኤርጎጌን ኮንጎዎች እየላኳት ነው!»

«ምን አልሽ?»

«እጅ ጫኑባት! ሁሉም!»

ጋሽ ማናሴን ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ክቡን ሰንጥቀው ገቡና፣ «ይህች የእኛ ሰው ናት!» አሉ በእንግሊዝኛ። ለእኛም በአማርኛ ደገሙት፤ «የእኛ ናት እንጂ!»

ኤርጎጌ ከተንበረከከችበት ቀና ሳትል፣ «የእናንተ ከሆንሁ ታዲያ እጃችሁ የታለ?» አለች።

የኮንጎው ፓስተር አማርኛ አያውቅም። ነገሩ ግን ምን እንደሆነ ከፊታቸው አነበበ መሰለኝ። ጸሎቱን ሳያቋርጥ አንድ እጁን አነሣና ቦታ ለቀቀ፤ በዓይኑም ለጋሽ ማናሴ ያን ክፍት ቦታ አሳያቸው። እሳቸው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ቁጣም፣ እፍረትም፣ ሌላም ነገር ተፈራረቀ። ከዚያ ያ ጄፒ ላይ ሃያ ዓመት ካርቶን ያነሣና ያወረደ ትልቅ እጃቸው ቀስ ብሎ ራሷ ላይ ወረደ።

«ጌታ ሆይ» አሉ። «ይህችን… ይህችን እልኸኛ ሴት… እኔ ፈሪ ነኝ። እሷ አትፈራም። እንግዲህ እንዳለች ላካት።»

«አሜን» አልን። ኮንጎዎቹም በራሳቸው አሜን አሉ፤ ከበሮውም ተመታ።

ስትነሣ ጉልበቷ አልታዘዝ አላትና በአንድ ወገን ጋሽ ማናሴ፣ በአንድ ወገን ያ ባለ ቢጫ ከረባት ደግፈው አቆሟት። ጋሽ ማናሴ እንባቸውን ጠርገው እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ያም ሆኖ የቁልፉን ነገር አልወደድሁትም» አሏት።

«ይውደዱት አላልሁም» አለች ጫማዋን እየፈለገች።

ማክሰኞ ጠዋት ሰባቱን በሁለት ኳንተም ሚኒባስ አድርገን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወሰድናቸው። አንዱን የነዱት ጋሽ ማናሴ ናቸው። ዲኬሌዲ አልመጣችም፤ ሱቁን ማን ይያዝ! በአገራችን በድሮው ዘመን መልእክተኛ ሲላክ ጉባኤው እየዘመረ ወንዝ ድረስ ይሸኘው ነበር። እሱ ተሻግሮ ከማዶ እስኪሰወር ድረስም አይመለስም። እዚህ ወንዝ የለም። ተጓዥ ያልሆነ የማያልፍበት አንድ በር ብቻ አለ። እህቶች እዚያ በር ላይ ቆመው ዘመሩ። አንድ ጥበቃ መጣና ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን ዝም አልን። እንግዳ ሆኖ የኖረ ሰው ዝም በል ሲሉት ዝም ማለት ይቀናዋል።

ኤርጎጌ አልፋ ነበር። ሻንጣዋ በማሽኑ ውስጥ እየገባ ነው፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ዝማሬው ከኋላዋ ድንገት ሲቋረጥባት ዞር ብላ አየችን። ከዚያ እኛ ካቆምንበት ስንኝ አንሥታ፣ በዚያ ዳቦ ሲወረወርባት በጮኸችበት ድምፅ፣ ብቻዋን ቀጠለች። ጥበቃው ዞሮ አያት። እሷም አየችው፤ ስንኙንም ጨረሰችው።